የድኩላውን ፊት ማረም፦ ከደብረ ማርቆስ የታክሲደርሚ ሥራ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከሁለት ዓመት በፊት በታክሲደርሚ፣ ማለት ቆዳውን በቅርጽ ላይ አልብሼ ሕያው በማስመሰል፣ የሠራሁትን የድኩላ ጭንቅላት ዛሬ ከቤተ ሙከራው ግድግዳ አውርጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁና በባትሪ ብርሃን መረመርሁት። ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ በሚወስደው መንገድ ላይ ሌሊት መኪና የገጨው ወንድ ድኩላ ሲሆን፣ ለማስተማሪያ እንዲውል የሚመለከታቸው ባለሙያዎች በደብዳቤ ያስረከቡን ነው። ደብዳቤውን በፕላስቲክ አሽጌ ከማውንቱ፣ ማለት ተሠርቶ ከሚሰቀለው ጭንቅላት፣ ጀርባ ለጥፌዋለሁ። የዱር እንስሳ ቆዳና ቀንድ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ በዱር እንስሳ ላይ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ከቢላዋው በፊት ወረቀቱን ማሰብ ይኖርበታል። ሞቶ የተገኘ እንስሳ ሁሉ አይገፈፍም፤ የሞተበት ምክንያት ካልታወቀ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና ቆዳውን መንካት አይገባም። የእኛው ድኩላ ግን የሞተበት ምክንያት ግልጽ ነበር።

ጉድለቱ ብዙ ነው። ጆሮዎቹ እንደ ደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ወደ ውስጥ ተጠቅልለዋል። ዓይኖቹ ፈጠዋል፤ ድኩላው እስከ ዛሬ መኪናው እየመጣበት ያለ ይመስላል። ከዓይኑ በታች ያለው ቆዳ ከፎርሙ፣ ማለት ቆዳው ከለበሰው የውስጥ ቅርጽ፣ ተላቆ ስለ ተነሣ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ይሰማል። አፍንጫው ጨምድዶ ጠቁሯል፤ አንገቱ የወይፈን አንገት ያህል ወፍሯል፤ በማጅራቱ ላይ ያለው ስፌት ደግሞ ፀጉሩን ወደ ውስጥ ስለያዘው ከሩቅ ይታያል። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ቀና ብሎ አይቶት «ይህ የምን ፍየል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሥራውን እንደገና እንድጀምር ያደረገኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትሁት በምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል። የተማርሁባቸው መመሪያዎችና ቪዲዮዎች ሁሉ በእኛ ቋንቋ «አጋዘን» እየተባለ ለሚተረጎመው የውጭ አገር እንስሳ የተዘጋጁ ናቸው። የዚያ እንስሳ ቀንድ በየዓመቱ የሚወድቅና የሚበቅል አጥንት ነው፤ በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት መካከል የዚህ ወገን አንድም የለም፤ እኛ አጋዘን የምንለውም ቢሆን ከድኩላ ጋር የሚዛመድ ነው። የድኩላ ቀንድ ዕድሜውን ሙሉ የማይወድቅ፣ በአጥንት ላይ እንደ አፎት የተሰካ ሽፋን ነው። እኔ ግን መመሪያው ስላላዘዘኝ አፎቱን ሳላወልቅ፣ በውስጡ ያለውን ሳላጸዳ ተውሁት። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ይህን እንስሳ ለሳይንስ ሲያስመዘግብ ስሙን ከእኛው ቃል ወስዶ «ዴኩላ» ማለቱን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ፤ ፍየል የሚመስል ድኩላ እያሳየሁ ይህን መናገር ግን አሳፍሮኛል።

የወሰንሁት ሦስት የፍየል ጭንቅላት ሠርቼ ሳልጨርስ ድኩላውን ላለመንካት ነው። ፍየል ከድኩላ ጋር በመጠን ይቀራረባል፤ ቆዳውም ርካሽ ነው፤ ቢበላሽም የሚጠይቀኝ የለም።

ጥር 2

የመጀመሪያው ፍየል የገና ነው። ጎረቤቴ ለበዓል ያረደውን ቀይ ወጠጤ፣ ጭንቅላቱን ከነአንገቱና ከነትከሻው ቆዳ በ350 ብር ሸጠልኝ። አስቀድሜ ያላሰብሁት ችግር ወዲያው ገጠመኝ፦ የታረደ እንስሳ ጉሮሮው ላይ ሰፊ ቁስል አለው፤ ማውንት ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚታየው ከፊት ነው። ስለዚህ ከማጅራት ስፌት ሌላ የጉሮሮ ስፌት ሊኖረኝ ነው። ለሚቀጥለው ፍየል አራጁን አስቀድሜ በማነጋገር ቁስሉ አጭር እንዲሆንና ወደ አገጩ እንዲጠጋ እጠይቃለሁ።

ከመግፈፌ በፊት በድኩላው ጊዜ ፈጽሞ ያልሠራሁትን ሠራሁ፤ ለካሁ። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ዓይን የፊት ጥግ 13.5 ሴንቲ ሜትር፣ የአንገት ዙሪያ ከጆሮ ሥር 34፣ ከመሐል 38፣ የዓይን ኳስ ስፋት 27 ሚሊ ሜትር። ከዚያም ፊቱን ውኃ አርሼ፣ ፀጉሩን በቫዝሊን አስተኝቼ፣ የግራ ጎኑን በጀሶ ቀርጬ አወጣሁ። ጀሶው ሲደርቅ የከንፈሩን መስመርና የዓይን ቆቡን እጥፋት ሳይቀር ይዞ ተገኘ። የድኩላው አንገት ለምን እንደ ወፈረ አሁን ግልጽ ሆነልኝ፤ ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ ስለሚለጠጥ በቆዳው ልክ የሠራሁት ፎርም ከእንስሳው በለጠ።

ግፈፋው አምስት ሰዓት ፈጀ። ከትከሻ ጀርባ ተነሥቼ በማጅራት በኩል እስከ ቀንዶቹ ሥር ቀደድሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የስካልፔል፣ ማለት የቀዶ ሕክምና ቢላዋ፣ ሥራ ነው። ከንፈሩ ከውስጥ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ የዓይን ቆቡ ይገለበጣል፣ አፍንጫው ከልም አጥንቱ ይላቀቃል። ጆሮው እንደ ካልሲ መገልበጥ አለበት፤ እኔ ግን የእንጨት ማንኪያ እጀታ እያስገባሁ ስገፋ ጫፉ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀረኝ እንዳይቀደድ ፈርቼ ቆምሁ።

ደቃቅ ጨው አራት ኪሎ በላዩ ነሰነስሁ፤ በማግሥቱ ረጥቦ የጠቆረውን ጨው አራግፌ በአዲስ ጨው ለሌላ አንድ ቀን አቆየሁት። በሦስተኛው ቀን የጆሮዎቹን ጫፍ ስዳብስ ፀጉሩ በጣቴ ላይ ቀረ፤ ጨው ያልደረሰው ያው የፈራሁት ሁለት ሴንቲ ሜትር ነበር።

ጥር 14

ፒክል የሚባለው ደረጃ ቆዳውን በአሲድና በጨው ውኃ ማቆየት ነው። በሊትር 120 ግራም ጨው ካሟሟሁ በኋላ የአሲዱን ብርታት የሚለካው የፒኤች ወረቀት 2 እስኪያሳይ ድረስ ሲትሪክ አሲድ ጨመርሁ። ባልዲው ፕላስቲክ እንጂ ብረት መሆን የለበትም። ቆዳው በሦስት ቀን ውስጥ አብጦ ነጣ፤ ያበጠ ቆዳ ደግሞ ለመፋቅ የተመቸ ነው።

የድኩላውን ጥፋት ምንጭ ያገኘሁት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከከተማው ዳር ቆዳ በማልፋት የሚተዳደሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ የማውቃቸው አጎዛ ሲያለፉ ነው። የፋቅሁትን ቆዳ ወስጄ አሳየኋቸው። እጃቸውን በውስጥ አስገብተው እየዳሰሱ ጥቂት ዝም አሉና፣

«አንተ ልጅ፣ ጨረስሁ ብለህ ነው ያመጣኸው?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፋቅሁት።»

«ጉንጩን ተወው፣ ጉንጩስ ደኅና ነው። ከንፈሩን እየው እስቲ፣ የጫማ ሶል ነው። የዓይኑ ዙሪያማ አልተነካም። ይኸ ሲደርቅ ወዴት ነው የሚሄድ?»

ወዴት እንደሚሄድ ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ። ወፍራም ቆዳ ሲደርቅ ብዙ ይኮማተራል፤ የዓይን ቆቡ ወደ ኋላ ሲሸሽ ዓይኑ ይገለጥና የፈጠጠ ይመስላል፤ ከንፈሩ ይከፈታል፤ አፍንጫው ይጨመደዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ የድኩላውን ዓይን ኳስ ትልቅነት ስወቅስ ኖሬ፣ ጥፋቱ ኳሱን የሚሸፍነውን ቆዳ ሳላሳሳ መተዌ ሆኖ ተገኘ።

አዛውንቱ በራሳቸው መፋቂያ ከፊቴ ተቀምጠው የአንዱን ወገን ከንፈር አሳሱልኝ። መፋቂያውን ወደ ፊት አይገፉትም፤ ቆዳውን በጉልበታቸው ላይ ወጥረው ስለቱን አግድም እያንሸራተቱ እንደ ወረቀት የሚሳሳ ልጣጭ ያወጣሉ፤ በየመሐሉ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ይፈትሹታል። የፀጉሩ ሥር እንደ ጥቋቁር ነጥብ መታየት ሲጀምር ቆሙ። ሌላውን ወገን ቤት ወስጄ በስካልፔል ስሞክር በአፍንጫው አጠገብ ምስር የሚያህል ቀዳዳ አወጣሁ። በቀጭን የጫማ ሰፊ ክር ከውስጥ ጠቀምሁት፤ ፀጉር ስለሚሸፍነው አይታይም። ለአዛውንቱ ድካም 200 ብር ሰጠኋቸው፤ አልቀበልም ብለው ብዙ ካንገራገሩ በኋላ ወሰዱ።

ከፒክሉ አውጥቼ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ለሃያ ደቂቃ አለዘብሁት፤ ቀጥሎ በሊትር 80 ግራም አሉም (ቆዳውን የሚያለፋው ጨው መሰል ነገር)፣ 40 ግራም ጨውና 20 ግራም የልብስ ሶዳ በያዘ ውኃ ውስጥ አራት ቀን አቆየሁት። ሶዳው ጠብታ በጠብታ ነው የሚጨመረው፤ በአንድ ጊዜ ሲያፈስሱት አረፋው ገንፍሎ ከባልዲው ይወጣል፤ ቤተ ሙከራውን ሁለት ጊዜ ያጸዳሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥር 30

ፎርም። በውጭ አገር ሰዎች በመጠን የተዘጋጀ ፎርም ይገዛሉ። እኛ ዘንድ ስለሌለ መጀመሪያ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም በንብርብር አጣብቄ ለመቅረጽ አሰብሁ። ያጣበቅሁበት ማስቲሽ ፎሙን በላው፤ ጠዋት ስመጣ መሐሉ እንደ ዋሻ ጎድጉዶ አገኘሁት። በማስቲሹ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ይህን ዓይነቱን ፎም እንደሚያቀልጠው ማወቅ ነበረብኝ፤ ኬሚስትሪ በሚያስተምሩ ሰዎች መካከል ተቀምጦ እንዲህ ያለ ስሕተት መሥራት ያስቃል። የእንጨት ኮላ አይበላውም፤ ነገር ግን በንብርብሮቹ መካከል አየር ስለማያገኝ ሳምንት ቢቆይም አልደረቀም።

ሁለተኛው መንገድ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ካርል ኤክሊ ከመቶ ዓመት በፊት ገለባ መጠቅጠቅን ትቶ የእንስሳውን ጡንቻ በሸክላ ጭቃ ይቀርጽ፣ በጀሶ ሻጋታ ያወጣና ቀላል ፎርም ያዘጋጅ ነበር። እኔም ተቀቅሎ የጸዳውን የፍየል ራስ ቅል በጣውላ ላይ ተክዬ፣ በጥር 2 የመዘገብሁትን ልክ እየተከተልሁ በሸክላ ሠሪዎች አፈር አንገቱንና ጉንጩን ሠራሁ፤ በላዩ ላይ በሁለት ክፍል የሚከፈት የጀሶ ሻጋታ አወጣሁ። ጀሶው 12 ኪሎ ፈጀ። ሻጋታውን በር ገጣሚዎች በሚጠቀሙበት ስፕሬይ ፎም ሞልቼ፣ ገጥሜ፣ በገመድ አሠርሁት።

በማግሥቱ ስከፍተው ውጩ ጠንክሮ ውስጡ ገና እንደ ማር ይሳባል። ይህ ፎም የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነው፤ የታሸገ ሻጋታ ውስጥ እርጥበት አያገኝም። ሁለት ቆርቆሮ ፎም፣ ማለት 1,300 ብር፣ በዚህ ሁኔታ ባከነ። በሦስተኛው ሙከራ ሻጋታውን ሳልገጥም ሁለቱን ግማሾች ለየብቻ፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል በሚሆን ንብርብር፣ በየንብርብሩ ላይ ውኃ በስፕሬይ እየረጨሁ ሞላኋቸው። በሦስት ቀን ጠነከሩ። በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዬ፣ መሐሉን በእንጨትና በስፒል ቸንክሬ አጋጠምኋቸው። ለስላሳ ገጽታ ቆዳን አይዝም፤ ስለዚህ መላውን ፎርም በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አጫጫርሁት።

የካቲት 14

ፍየል ቁጥር አንድ ለበሰ። ማጣበቂያው የስንዴ ዱቄት ሙጫ፣ በላዩ የእንጨት ኮላና ጥቂት ቦራክስ የተጨመረበት ነው። ቦራክሱን ፋርማሲ ፈልጌ አጣሁት፤ በመጨረሻ ያገኘሁት ወርቅ ለማቅለጥ ከሚጠቀምበት አንጥረኛ ነው። በቀድሞው ዘመን ቆዳን ከብል ለመጠበቅ የአርሴኒክ ሳሙና ይቀባ ስለነበር አሮጌ ማውንት በባዶ እጅ አይነካም፤ ቦራክስ ግን እንዲህ ያለ መዘዝ የለውም።

ስፌቱን በዚህ ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ እየወጋሁ፣ በየሦስት ስፌቱ የተያዘውን ፀጉር በወስፌ ጫፍ እየመዘዝሁ ሰፋሁ። የማጅራቱ መስመር ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የጉሮሮው ግን አልጠፋም፤ በዚያ ስፍራ ፀጉሩ አጭር ስለሆነ የሚሸሸግበት የለውም።

በአራተኛው ቀን ቆዳው ከጉንጩ ሥርና ከዓይኑ ፊት ካለው ጎድጓዳ ተነሣ። በአዲስ ፎርም ላይ የድሮው ከበሮ እንደገና መጣ። ቆዳ ሲደርቅ በጎድጓዳ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ መወጠር ይወዳል፤ ወደ ታች የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። በሙቅ ውኃ የተነከረ ጥጥ አድርጌ አለሰለስሁት፣ በመርፌ ሙጫ አስገባሁ፣ በላዩ ላይ ከደብተር ሽፋን የተቆረጠ ካርቶን አድርጌ በስፒል ቸነከርሁት። አሁን ሰባት ስፒልና አምስት ካርቶን ፊቱ ላይ ተሰክተዋል፤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በጣቴ እጫነዋለሁ።

የቅበላ ሰሞን ስለሆነ ሁለተኛውን ፍየል በዚህ ሳምንት መግዛት አለብኝ። ከየካቲት 17 ጀምሮ ሁዳዴ ስለሚገባ እስከ ሚያዝያ 12 ድረስ በከተማችን የሚታረድ ፍየል ማግኘት ይቸግራል።

መጋቢት 9

ሁለተኛው ቆዳ በጨው ላይ ነው፤ ጆሮዎቹ እስከ ጫፋቸው ተገልብጠዋል። ጾሙን ለዓይን አዋልኩት።

በድኩላው ላይ ያደረግሁት ዓይን ከአሻንጉሊት የተወሰደና ብሌኑ ክብ ነበር። የፍየልና የድኩላ ብሌን አግድም የተዘረጋ ነው። ከዚህም በላይ ያለውን ያየሁት የጎረቤቴን ፍየሎች በስልክ ፎቶ ሳነሣ ነው፦ ፍየሉ ቀና ብሎም ሲያይ፣ አጎንብሶም ሲግጥ ብሌኑ ከመሬት ጋር ትይዩ እንደሆነ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ሣር በል እንስሳት ጭንቅላታቸውን ሲያጎነብሱ ዓይናቸው በጉድጓዱ ውስጥ 50 ዲግሪና ከዚያ በላይ እንደሚዞር ለክቶ አሳይቷል። የእኔ ድኩላ ጭንቅላቱን ጥቂት ዝቅ ያደረገ ነው፤ ስለዚህ ዓይኑን ሳስቀምጥ የአፍንጫውን አቅጣጫ ሳይሆን የጠረጴዛውን ጠርዝ ተከትዬ ነው። ይህን ለማረጋገጥ የግንበኛ ውኃ ልክ ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ።

የመስተዋት ዓይን ከውጭ ማስመጣት ከአቅሜ በላይ ስለሆነ በኢፖክሲ ሬዚን፣ ማለት ተቡክቶ እንደ መስተዋት በሚጠነክር ፈሳሽ፣ ለመሥራት ሞከርሁ። ሻጋታው የልጆች ትልቅ ብይ ነው፤ ስፋቱን በካሊፐር ለክቼ 26 ሚሊ ሜትር የሆነውን መረጥሁ። የመስኮት ሲልከን ከስታርች ጋር አቡክቼ ብዩን እስከ ግማሹ ድረስ ቀበርሁበት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ላስቲክ ሆነ። ብዩ ሲወጣ የቀረው ጎድጓዳ ሬዚን ይቀበላል። ግማሹ ኳስ ሲጠነክር ከጠፍጣፋው ጀርባ በኩል መጀመሪያ ብሌኑን በጥቁር፣ ከዚያ ዙሪያውን በጥቁር ቡናማ ቀለም እቀባለሁ፤ ከፊት ሲታይ ቀለሙ በጥልቀት ውስጥ ያለ ይመስላል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ዓይኖች አልጠነከሩም። በደብረ ማርቆስ ሌሊት ብርዱ ብርቱ ነው፤ ሬዚኑ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። አምስተኛውንና ስድስተኛውን በካርቶን ሣጥን ውስጥ ከ60 ዋት አምፖል ጋር አሳደርኋቸው፤ ጠነከሩ፤ ነገር ግን አረፋ ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ ሬዚኑን ከማቡካቴ በፊት ጠርሙሱን በሙቅ ውኃ ውስጥ አቆየሁት፤ ሲቀጥን አረፋው ራሱ ወደ ላይ ወጣ። ዐሥራ አንድ ሠርቼ አራት ጥሩ አገኘሁ። ሬዚኑ ከአዲስ አበባ ነው የተላከልኝ፤ ኪሎው 1,900 ብር ሲሆን፣ መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት ምክንያት ሦስት ሳምንት ዘገየ።

መጋቢት 24

ጆሮ። ቆዳው ውስጥ የሚቀረው ልም አጥንት ሲደርቅ ስለሚጠቀለል ወጥቶ በሌላ ነገር መተካት አለበት። ከዘይት ጄሪካን የቆረጥሁት ፕላስቲክ ቅርጹን ያዘ፤ ሙጫ ግን በጭራሽ አልያዘም፤ ቆዳው በላዩ ላይ እንደ ልቅ ጓንት ይንሸራተታል። የሃይላንድ ውኃ ጠርሙስ ፕላስቲክ ከዚያ ይሻላል። ይህ ፕላስቲክ ሲሞቅ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ የጆሮ ቅርጽ ያለው እንጨት ከወይራ ጠርቤ፣ ጠርሙሱን ከላዩ አልብሼ በፀጉር ማድረቂያ ሳሞቀው እንጨቱን አጥብቆ ያዘ። ቀዝቅዞ በመቀስ ሲቆረጥ ስስ የጆሮ ቅርጽ ሆኖ ወጣ። በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ በውስጡና በውጩ ኮላ ቀባሁት። የጆሮውን ሥር ግን ፕላስቲክ ብቻውን አይሞላውም፤ እዚያ ያለውን ጡንቻ በመኪና ስቱኮ ቀረጽሁት። ስቱኮ በዐሥር ደቂቃ ስለሚደርቅ ሁለቱንም ጆሮ በአንድ ጊዜ ለማቆም የሞከረ ሰው የግራውን ጠማማ ያደርጋል፤ እኔም አደረግሁት።

ሚያዝያ 6

ሁለተኛው ፍየል ደረቀ። ካርቶኖቹንና ስፒሎቹን ዛሬ ነቀልሁ። ከንፈሩ ተዘግቷል፣ የዓይን ቆቡ ኳሱን እንደያዘ ነው፣ ከበሮ የለም። የግራ ጆሮው ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ ሕያው ፍየልም ሲያዳምጥ አንዱን ዝቅ ያደርጋልና ይሁን ብዬዋለሁ።

ሦስቱ ፍየሎች ሳያልቁ ድኩላውን አልነካም ያልሁትን ትቼ፣ እስከዚያው ቀንዱን ከፈትሁ። የቀንዶቹን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በፕላስቲክ አፍኜ ለአራት ቀን ተውሁት፤ በአምስተኛው ቀን የቀኙን ይዤ ስጠመዝዘው አፎቱ ወለቀ። ከውስጡ የወጣው የደረቀ ሥጋ ዱቄት፣ የጥንዚዛ እጭ የጣለው ቅርፊትና ሁለት ዓመት የታፈነ ሽታ ነው። በቀንዱ ሥር አየው የነበረው ደቃቅ አቧራ ከግድግዳ የረገፈ ይመስለኝ ነበር። የግራው እምቢ ስላለ ሙቅ ውኃ አፈሰስሁበት። በእኛ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ መመሪያዎች ከሚሉት ጊዜ በላይ ይወስዳል፤ ለፍየሎቹ ቅል ቅቀላም ይህን አስቤ አንድ ሰዓት ጨምሬያለሁ። አጥንቱን ፍቄ፣ ቦራክስ ነስንሼ፣ አፎቶቹን በስቱኮ መልሼ ተከልሁ። ጠመዝማዛው ወደ ትክክለኛው ወገን መመለሱን ለማረጋገጥ ከማውለቄ በፊት ፎቶ አንሥቼ ነበር፤ ባላነሣ ኖሮ የቀኙን በግራ እንደምተክለው ጥርጥር የለኝም።

ሚያዝያ 19

ሦስተኛው ፍየል የፋሲካ ነው። አራጁ ቁስሉን ወደ አገጩ አስጠግቶልኛል። ገፈፋው ሦስት ሰዓት፤ ጨውና ፒክል እንደ ቀድሞው። የሚጻፍ አዲስ ነገር አልገጠመኝም።

ግንቦት 5

ድኩላው። ጠቅላላ ቆዳውን አርሶ በአዲስ ፎርም ላይ መመለስ ከሁሉ የተሻለ ይሆን ነበር፤ ይቻል እንደሆነ ለማወቅ ከትከሻው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ቆርጬ በጨው ውኃ ውስጥ አሳደርሁ። በማግሥቱ ፀጉሩ ተነቀለ፤ ቆዳውም እንደ ረጠበ ካርቶን ተቀደደ። በዚያን ጊዜ በጨውና በቦራክስ ከማድረቅ በስተቀር ምንም ስላላለፋሁት ዳግመኛ መነከርን አይችልም። ስለዚህ ወፍራሙ አንገት እንደ ወፈረ ይቀራል። ሊታረም የሚችለው ፊቱ ብቻ ነው፤ እርሱም በጥቂት በጥቂቱ፣ በረጠበ ጥጥ።

የጆሮዎቹን ጀርባ ከሥር እስከ ጫፍ በቀጭኑ ሰነጠቅሁ። በጥጥ አለሰለስሁት፣ የደረቀውን ልም አጥንት በወረንጦ ቁራሽ በቁራሽ አወጣሁ፣ አዲሱን ፕላስቲክ አስገብቼ ሰፋሁት። የቀኙ ጆሮ ጫፍ ላይ የጥፍር ያህል ተቀደደ።

ዓይኑ ከሁሉ የከበደ ሥራ ነበር። የዓይን ቆቡን ዙሪያ ለስድስት ሰዓት በእርጥብ ጥጥ ሸፍኜ፣ ጥጡን በየግማሽ ሰዓቱ እየቀያየርሁ ከቆየሁ በኋላ የአሻንጉሊቱን ዓይን በመንጠቆ አወጣሁ። ከዚያ የቆቡን ውስጥ ከጠርዙ ጀምሮ ወደ ውስጥ በስካልፔል አሳሳሁ፤ አዛውንቱ እንዳሳዩኝ በየመሐሉ በሁለት ጣት እየፈተሽሁ። ቆዳው በጣቴ መካከል እንደ ሶል መሆኑን ትቶ እንደ ብራና እስኪሆን ድረስ አልቆምሁም። የሬዚኑን ዓይን በኢፖክሲ ሊጥ ላይ አስቀመጥሁ፤ የፊቱን ጥግ ከኋላው ይልቅ ጥቂት ወደ ውስጥ አስገባሁ፤ ብሌኑን ከውኃ ልኩ ጋር አስተካከልሁ፤ ቆቡን በላዩ ላይ ጎትቼ የላይኛውን ሽፋሽፍት በማበጠሪያ ወደ ታች መለስሁ።

ግንቦት 27

ቀለም። አፍንጫውን፣ የከንፈሩን ጠርዝና የዓይን ቆቡን በዘይት ቀለም ነው የቀባሁት፤ እጅግ አቅጥኜ፣ በሦስት ስስ ሽፋን። ባለፈው ጊዜ መላ አፍንጫውን በቫርኒሽ ስላብለጨለጭሁት በዘይት የተነከረ ይመስል ነበር። አሁን የሚያብለጨልጨው የቀዳዳው ውስጥ ብቻ ነው። ከአፍንጫው በላይ ያለውን ጨምዳዳ በኢፖክሲ ሊጥ ሞላሁና የአፍንጫውን ቅንጣት ቅንጣት ገጽታ በብርቱካን ልጣጭ እየተጫንሁ አተምሁበት። ልጣጩ በደንብ ይሠራል።

የግራ ዓይን ቆብ በመድረቅ ላይ እያለ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዷል። ክፍተቱን በጥቁር ሊጥ ሞልቼዋለሁ፤ በእጅ ርቀት ይታያል፣ ከተማሪ ወንበር አይታይም። ክረምቱ እየገባ ስለሆነ ከመስኮቱ ወገን ካለው እርጥብ ግድግዳ ወደ መተላለፊያው ግድግዳ አዛውሬ ሰቀልሁት፤ ከበታቹም ጥንዚዛውን ለመከታተል ነጭ ወረቀት አነጠፍሁ። ወረቀቱን ቅዳሜ ቅዳሜ አነሣለሁ። በዚህ ሳምንት ምንም አልወደቀበትም።

የሦስተኛው ፍየል ቆዳ ከአሉም ወጥቷል። ነገ ለአዛውንቱ ከንፈሩን አሳያቸዋለሁ።